ለእንግዳ የተተወው ወንበር

ኖቬምበር 17፣ 1974፣ እሁድ። ቡፋሎ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስንመለስ ቴዎፊል ቀድሞኝ ሄዶ የጎረቤታችንን የወይዘሮ ፒዬትራሽን በር ሲታገል ደረስኩበት። ቁልፉ አልገባ ብሎታል። "ውርጩ ነው፤ ግራሶ ይፈልጋል" ይላል። ወይዘሮ ፒዬትራሽ በመጋረጃው አጮልቃ ስታየው ቆይታ ወጣች። "አቶ ቴዎፊል፣ ሁለተኛ ሚስት አማረዎት እንዴ?" አለች። ሳቅን። እሱም ባርኔጣውን አንስቶ አብሮን ሳቀ።

በዚህ ሰፈር ቤቱ ሁሉ መንታ ነው። በረዶ ሲለብስማ ማንም ይሳሳታል። የእኛ በር አረንጓዴ ነው፤ የቀባውም ራሱ ነው። ቢሆንም ማንም ይሳሳታል።

ልጄ ኢሬና እንዳትሰማ። ከሰማች ያንን የመነኮሳቱን የአረጋውያን ቤት ወሬ ታነሳብኛለች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ ሞልቶ እምቢ ስላለኝ ነው ይህን ደብተር የገዛሁት።

ኖቬምበር 20

እየተጣደፍኩ ነው፤ ሾርባ ጥጄያለሁ። ቴዎ ምድር ቤት ወርዶ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ የዘይት ጣሳውን ጋዜጣ ላይ ደርድሯል። "መስኮቱ ሊከፈት ነው፤ አሻንጉሊቶቹ አልተፈተሹም" ይለኛል። በመደብር የገና መስኮት ውስጥ በሞተር የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶችን ከመጠገን ሥራው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል እኮ። እሺ አልኩት። ምን ልበለው?

ኖቬምበር 24፣ እሁድ

ኢሬና መጥታ ነበር። አባቷ "ዞሻ፣ መጣሽ?" ብሎ ተቀበላት። ዞሻ እህቱ ነበረች፤ ሞታለች። ኢሬና በዓይኗ ጠቅሳኝ ወደ ማጀት ወሰደችኝ።

"እማዬ፣ እስከ መቼ ነው የምትደብቂኝ?"

"ምን ደበቅኩሽ? ስም ነው የተምታታበት። አንቺስ ልጅሽን ጃኔትን በውሻችሁ ስም ስትጠሪያት ሰምቼ የለም?"

"እሱን ተይው። አንቺ ራስሽን በመስታወት አይተሽ ታውቂያለሽ? ደረጃ ስትወጪ መሐል ላይ የምትቆሚው ለምንድን ነው?"

"እንጀራ ፍለጋ የወጣሽ ልጅ፣ ቤቴ መጥተሽ ደረጃ ትቆጥሪብኛለሽ?" አልኳት። ተቆጣሁ። አልቆጣም ብዬ ነበር።

በመጨረሻ እንዲህ ተባባልን። በገና ዋዜማ ማዕድ ላይ ሁላችንንም ካወቀን፣ ዳግመኛ አታነሳም። ካላወቀን በጃኑዋሪ ወደ መነኮሳቱ ይገባል። እሷና ባሏ ክፍል ይዘውለታል። እኔ ሳላውቅ ማለት ነው። "ፈተና መሆኑ ነው?" ስላት አለቀሰች። ልጄ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

እሺ አልኩ። ምን ችግር አለው? አስጠናዋለሁ። የአራት ሰው ስም ነው።

ኖቬምበር 29፣ ዓርብ

ዛሬ መስኮቶቹን አየን። ከምስጋናው በዓል ማግስት እንደ ሁልጊዜው። ኢሬና በጋሪ ተገፍታ ያየቻቸው፣ ዛሬ ልጇ ጃኔት የምታያቸው የሆልደርማን መደብር መስኮቶች ናቸው። ወረቀቱ ከመስታወቱ ላይ ሲወርድ የመሐል ከተማ ሕዝብ ሁሉ "ኡ!" ይላል። ድሮ ቴዎ ከኋላ፣ ከአሻንጉሊቶቹ እግር ሥር በሆዱ ተኝቶ ማብሪያውን የሚጫነው እሱ ነበር። እኔ ውጭ ቆሜ ያቺን "ኡ!" እሰማለሁ። ለእኔ ባል የሚባል ኩራት ያኔ ነበር።

ዛሬ ከአጠገቤ ቆመ። እንዴት ደህና ነበር! ጃኔትን ትከሻዋን ይዞ ከመስኮት መስኮት አዞራት። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን ከምድጃ ሲያወጣ፣ ድመቷ ጭራዋን ስትቆላ፣ አሮጊቷ ተወዛዋዥ ወንበሯ ላይ ሹራብ ስትሠራ።

"ድመቷና አሮጊቷ አንድ ሞተር ነው ያላቸው" አላት። "ድመቷን ካቆምሻት አሮጊቷም ትቆማለች።"

"ያሳዝናል፣ አያቴ።"

"ለድመቷ ነው ለአሮጊቷ?"

ሳቁ። ኢሬና እንኳ ሳቀች። ልቤ ሞቅ አለኝ።

የመጨረሻው መስኮት ቤተሰብ የገና ዋዜማ ማዕድ ከቦ የሚያሳይ ነው። አባት ሥጋ ይቆርጣል፣ እናት ራሷን ትነቀንቃለች፣ ነጭ ጢም ያለው አያት ብርጭቆ ያነሳል። ቴዎ አያትየውን ትኩር ብሎ አየው። "ይሄ ሽማግሌ የሞተሩ ቺንጋ ላልቷል። አንገቱ ይንቀጠቀጣል። አይሰነብትም" አለ። ቀጥሎ ደግሞ ተናደደ። "በዋዜማ ሥጋ! በጾም ቀን! እነዚህ ሰዎች ማን ነው ያሳደጋቸው?" በዙሪያችን ያሉት ዞረው አዩን።

ያን ጊዜ ነው ጃኔት ቀና ብላ የጠየቀችው። "አያቴ፣ እኔ ማን ነኝ?"

ልጅ ናት። ትልቅ ሰው ሲያወራ ሰምታ ነው። ቴዎ ጃኔትን ተመለከታት፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና እሷን አያት። "አንቺማ የቤቱ ንግሥት ነሽ" አላት። ጃኔት ደስ አላት። ኢሬና ግን እኔን ነበር የምታየው።

"እየቀለደ ነው" አልኳት። ቀልደኛ ነው እኮ፤ ዱሮም ቀልደኛ ነው።

ዲሴምበር 3

ሥጋ ቤት ወረፋ ላይ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንዷ "እሱ እንደሆነ ምንም አይሰማውም፤ የምትቀድመው ሚስቱ ናት፣ ፊቷን አላየሽም?" ስትል ሰማሁ። ዞር ስትል አየችኝና ስለ ዋጋ መናገር ጀመረች። ስለ ማን እንደሚያወሩ እንጃ። ሰው መቼም ወሬ አያጣም።

ዲሴምበር 8፣ እሁድ

ዛሬ ከራሴ ጋር ተጣልቻለሁ።

ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አስጠናዋለሁ። ይህቺ ማን ናት? ኢሬና። ጎበዝ። ይሄስ? የኢሬና ባል፣ ግሌን። ይህቺስ? ዝም። ጃኔት በል። ጃኔት። ይህቺ ማን ናት? ዝም። አሁን ነገርኩህ እኮ! እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መምህር እንደ ፈራ ተማሪ አንገቱን ደፋ። ጮህኩበት። ፎቶዎቹን ከፊቱ ገፍቼ መሬት ላይ በተንኳቸው። እጄ ተነስቶ ነበር። አላረፈበትም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አላረፈበትም።

እሱ ጎንበስ ብሎ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ለቀመና አቧራቸውን በክርኑ ጠርጎ ሰጠኝ። "ይቅርታ፣ እያደከምኩሽ ነው" አለኝ። አንጀቴን በላው። አቅፌው ብዙ አለቀስኩ። ለምን እንደማለቅስ ጠየቀኝ። ሽንኩርት ነው አልኩት። ሽንኩርት አልከተፍኩም ነበር።

ዲሴምበር 11

ደህና ቀን። ሦስቱን ስም አወቀ። እኔን አልጠየቅኩትም፤ እኔን መጠየቅ ምን ያስፈልጋል?

ዲሴምበር 14፣ ቅዳሜ

ይህን ለማንም አልነግርም።

ከምሳ በኋላ ወንበር ላይ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ ቤቱ ጭር ብሏል። ኮቱ የለም፣ ባርኔጣው የለም፣ የመሣሪያ ቦርሳውም የለም። ምድር ቤት ወረድኩ፣ ጓሮ ወጣሁ፣ ወይዘሮ ፒዬትራሽን ጠየቅኩ። የለም። ከዚያ ልቤ ነገረኝና ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል በእኔ ሩጫ ነው፤ ሁለት ቦታ አጥር ተደግፌ አረፍኩ።

ሆልደርማን ስደርስ ሕዝቡ ሁሉ የመጨረሻው መስኮት ላይ ተከምሯል። ይስቃሉ።

"አዲሱን አሻንጉሊት እዩት! ቁርጥ ሰው እኮ ነው!"

"ዓይኑን ጨፈነ! እማዬ፣ ዓይኑን ጨፈነ!"

"ሞተር ነው፣ የኔ ልጅ።"

ሰው ገፍቼ ገባሁ። ነጭ ጢም ያለው አያት ለጥገና ተነስቶ ወንበሩ ባዶ ቀርቶ ነበር። ባዶው ወንበር ላይ የእኔ ባል ተቀምጧል። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በጨዋ ደንብ ከጠረጴዛው ትንሽ ራቅ ብሎ። አባትየው ሥጋውን ይቆርጣል፣ እናትየዋ ትነቀንቃለች፤ እሱም መልሶ ይነቀንቅላታል። ሰው ያንን ሲያይ ነው የሚስቀው።

መስታወቱን በጡጫዬ መታሁ። "ቴዎ! ቴዎ!" ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግ አለና ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንስቶ፣ በመንገድ ላይ ለምታልፍ ሴት እንደሚደረገው፣ ሰላምታ ሰጠኝ።

መስታወቱ ከውስጥ በመብራቱ ስለሚያንጸባርቅ ነው። ሲሠራ በነበረ ጊዜ ራሱ ነግሮኛል፤ ከውስጥ ሲያዩት ውጭው ጨለማ ነው፣ ሰው አይለይም ብሎ። ስለዚህ ነው።

የሠራተኛው በር ከጫማ መሸጫው ጀርባ ነው። ሚስተር ክላረንስ፣ የድሮው ዘበኛ፣ በሩ ላይ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ቆሟል። "ወይዘሮ ብሮንያ፣ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ በር ሲገባ የማውቀውን ሰው ምን ብዬ ልከልክለው? የሽማግሌውን አንገት ሊጠግን የተጠራ መሰለኝ። ይማሩኝ" አለኝ። ምን አደረገ እሱ! ወደ መስኮቱ የሚያስገባው በር አጭር ነው፤ በጉልበቴ ድኼ ገባሁ። መብራቱ ይፋጃል። ሞተሮቹ ከእግሬ ሥር ያጉረመርማሉ። ውጭ ያለው ሕዝብ ሲያየኝ አጨበጨበ። "ሚስትየዋም መጣች!" የሚል ድምፅ በመስታወቱ አልፎ ተሰማኝ።

እጁን ያዝኩት። ተነሳ። ከመውጣቱ በፊት ዞሮ ለአሻንጉሊቶቹ ጎንበስ አለና "እግዜር ይስጥልኝ፣ ማዕዳችሁ ይባረክ" አላቸው።

አውቶቡስ ውስጥ "የት ነበርክ?" አልኩት።

"እራት ላይ።"

"ማን ጠራህ?"

"ወንበር ትተው ነበር፤ ሳህኑም ባዶ። በዋዜማ ባዶ ወንበር ለማን ይተዋል? ለመንገደኛ ነው። አይቶ ማለፍ ነውር ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በእኛ በፖላንዶቹ ቤት አንድ ወንበርና አንድ ሳህን ላልታሰበ እንግዳ ሳይተው የዋዜማ ማዕድ አይዘረጋም። ትንሽ ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ሥጋ አቅርበዋል። ግን እንግዳ ባለቤቱን አይገሥጽም። ዝም አልኩ።"

ሳቄ መጣ። ከዚያ ዕንባዬ። መንገዱን ሙሉ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ዲሴምበር 15

እነ ኢሬና ይደውላሉ ብዬ ስልኩን ነቀልኩት። ጉሮሮዬ ላይ ያለው ነገር ሳል ነው፤ ብርድ መቶኝ ይሆናል።

ዲሴምበር 19

ኢሬና ሰማች። የጃኔት የክፍል ጓደኛ መስኮቱ ጋ ነበረች። "ለምን አልነገርሽኝም?" ብላ አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። "እማዬ፣ ዋዜማውን እንጠብቅ" ብቻ አለች። ቃሏን ጠብቃለች። ቃሌን የጠበቅኩ መስሎኝ የደበቅኳት እኔ ነኝ።

ዲሴምበር 23፣ ሰኞ

ዛሬ አወቀ! ፎቶዎቹን ዘረጋሁለት፤ ኢሬና፣ ግሌን፣ ጃኔት፤ እንደ ውሃ ጠጣቸው። ከዚያ ሳልጠይቀው ጣቱን ወደ እኔ ዘረጋና "ብሮንያ" አለ። ግንባሬን ሳመኝ። የቀይ ሥሩን ሾርባ እየቀመስኩ ዘፈንኩ። እንደ ዋዜማ ልማዳችን ከገበያ ድርቆሽ አምጥቼ በጠረጴዛ ልብሱ ሥር አነጠፍኩ። ቄሱ የባረኩት ስስ ቂጣም መጥቷል። ነገ ደህና ነው። ነገ ደህና ይሆናል።

ዲሴምበር 25፣ ጠዋት

ቴዎፊል ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝቷል። ሳይነቃ ልጻፈው።

ትናንት ማታ ጃኔት መስኮቱ ላይ ተጣብቃ ማዕዱን የምታስጀምረውን የመጀመሪያዋን ኮከብ ጠበቀች። "ወጣች!" ስትል ተቀመጥን። የእሱ ወንበር ከራስጌ፣ የእንግዳው ወንበር ከበሩ በኩል። እሱ የእሁድ ልብሱን ለብሶ ከመኝታ ቤት ወጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ባርኔጣውን ሳይ የራሱን ወንበር ሳብኩለት።

"ቴዎ፣ ና፤ ቦታህ እዚህ ነው" አልኩት።

ሁላችንንም እያየ ራሱን ዝቅ አደረገ። በጠረጴዛው ዙሪያ ዞሮ የበሩን ወንበር ሳበና ተቀመጠ፤ ከጠረጴዛው ትንሽ ራቅ ብሎ። "እንዳልረብሻችሁ። ባዶውን ወንበር አይቼ ነው" አለ።

ጃኔት "አያቴ፣ ያ የእንግዳ ነው!" ብላ ሳቀች። ግሌን እጇን ያዘና ዝም አሰኛት። ኢሬና ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች።

ምን ላድርግ? ስሜን በል ብዬ ልጩህበት? ፎቶ ላምጣ? ቂጣውን አነሳሁና ወደ እሱ ሄድኩ። ልማዱ ሁለት ሰው ከአንድ ቂጣ ቆርሶ መመራረቅ ነው።

"እንግዳ ይቅደም" አልኩ።

ተነሥቶ ጫፏን ቆረሰ። "ወይዘሮ፣ ቤትዎን ይባርክልዎ። የባለቤትዎ ወንበር ባዶ ነው። ሥራ ላይ ናቸው?"

"ሥራ ላይ ነው" አልኩት። "መስኮት ይጠግናል።"

"በዚህ ዕለት!" አለና አዘነልኝ። ፊቱን እስከ ዛሬ እንዲህ ሲያዝንልኝ አላየሁትም። "በሰላም ያምጣልዎ፣ ወይዘሮ። ከዚህ ሌላ ምን እመኝልዎታለሁ? በሰላም ወደ ቤቱ ያምጣልዎ።"

"አሜን" አልኩ። ሁሉም አሜን አሉ። ሾርባውን አቀረብኩ። ሁለት ጊዜ ጨመርኩለት፤ ሁለቱንም ጊዜ ለእንግዳ ይበዛል አለ።

ሳህን ስናጥብ ኢሬና ትከሻዬ ላይ ተደፋች። "አላወቀንም፣ እማዬ።"

"አላወቀንም" አልኩ። ከወይዘሮ ፒዬትራሽ በር እስከ መደብሩ መስታወት ድረስ ስደብቀው የከረምኩት ቃል ከአፌ ወጣ። ሲወጣ ቀላል ነበር። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው፤ ደስታ ባይሆንም እፎይታ የመሰለ ነገር ተሰማኝ።

ከሄዱ በኋላ "ደክሞዎታል፤ መኝታ ቤት ይግቡና ይተኙ" አልኩት። አንተ ማለት አቃተኝ።

"አይሆንም፣ ወይዘሮ" አለ ደንገጥ ብሎ። "ባለትዳር ነኝ። ሚስቴ ብሮንያ ትባላለች። ትጠብቀኛለች።"

ከሶፋው ጫፍ ተቀመጥኩ። መጠየቅ አልነበረብኝም። ጠየቅኩ። "ምን ዓይነት ሴት ናት?"

"ቁጡ ናት" አለና ሳቀ። "በገና ሰሞን ከመደብሩ አምሽቼ ስገባ ሾርባዬን በሁለት ሳህን ከድና ትጠብቀኛለች። እየተሳደበች ታቀርብልኛለች። ተሳድባ ካልጨረሰች አልበላም።" ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። ቀጥሎም "ስታስብ እንዳታድር" አለኝ።

"አታስብም፤ የት እንዳሉ ታውቃለች" አልኩት።

ብርድ ልብስ አለበስኩት። እኔ ሰፊው አልጋ ላይ በጎኔ ተኛሁ፤ የእሱን ቦታ ሳልነካ።

ጃኑዋሪ 2

ሸሚዞቹ ላይ ስሙን ሰፋሁ። መነኮሳቱ እንዲያ ነው የሚፈልጉት።

ጃኑዋሪ 7፣ ማክሰኞ

ዛሬ ወሰድነው። መኪናውን ግሌን ነዳ። በመሐል ከተማ ስናልፍ ቴዎ "ቀስ በሉ" አለ። የሆልደርማን መስኮቶች በወረቀት ተሸፍነዋል፤ በአንዱ ቀዳዳ በኩል ዳቦ ጋጋሪው በጨርቅ ተጠቅልሎ ተጋድሞ ይታያል።

"አፈረሱት" አለ።

"ለከርሞ ያስነሱታል፣ አባባ" አለች ኢሬና።

"ግራሶ ካልረሱ" አለ።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። መስኮት አለው። መነኩሲቷ ደግ ትመስላለች። ልብሱን ደርድሬ ስጨርስ ለመሄድ ቦርሳዬን አነሣሁ። እሱ ቀድሞኝ ተነሣ። ባርኔጣውን አነሣና እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"ወይዘሮ፣ በዋዜማ የተቀበሉኝን አልረሳም። እርስዎም በእኛ በኩል ካለፉ ይግቡ። ቤቱ ሁሉ መንታ ስለሆነ እንዳይሳሳቱ፤ በሩ አረንጓዴ ነው። ያንኳኩ። ባለቤቴ ቁጡ ብትሆንም ሰው ትወዳለች፤ ሾርባ ትሰጥዎታለች።"

እመጣለሁ አልኩት።